እማዬ መሐል ላይ ለምን ወረደች

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

ጋሼ፣ እንዴት ነህ? ወገብህስ? ያ ረጅም መስመር ስትነዳ የሚይዝህ ነገር ተሻለህ ወይስ ዛሬም መሪውን ተደግፈህ ነው የምትወርደው? ትበላለህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? እኔን ከጠየቅከኝ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ ሰው ሲስቅ እስቃለሁ። እማዬም አለች። ደህና ናት ብዬ ብጽፍልህ ውሸቴን እንደሆነ ወዲያው ታውቅብኛለህ፤ ስለዚህ አለች ነው የምልህ።

ይሄን ደብዳቤ የሚሰጥህ ያ ፍንጭት ጥርስ ባልደረባህ ነው። እዚህ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። ከመሪው ከወረድክ በኋላ እንጂ ከመነሳትህ በፊት እንዳይሰጥህ አስምዬዋለሁ፤ ይሄን እያሰብክ ሰው ጭነህ እንድትነዳ አልፈልግም። እሱም ከንፈሩን መጠጠና ዘንድሮ ከሰው ተለይተህ እንደምትውል፣ ሻይም ብቻህን እንደምትጠጣ፣ ሲቀልዱብህ እንደ እንግዳ ሰው ፈገግ ብለህ ብድግ እንደምትል ነገረኝ። አንጀቴን በላኸኝ። ስደውል አታነሳም። መልእክቴን ታየዋለህ፣ ማየትህንም ስልኩ ያሳብቅብሃል፣ ግን አንዲት ቃል የለም። ወረቀት እንግዲህ አያሳብቅም፤ እንደ ልብህ አንብበው። ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ይመስላል ብለህ ብትስቅብኝም ደስ ይለኛል።

ከታናሻችን ከጩጬው ቀብር ወዲህ እማዬን አላየሃትም። እዚያም ቢሆን ከሰው ኋላ ቆመህ አየሁህ እንጂ አልተጠጋህም። ሰው ተበትኖ ቤት ስንገባ እማዬ ወንበር ላይ ሳትቀመጥ ዞር ዞር ብላ አየችና «ትልቁስ?» አለችኝ። መኪና ሊያቆም ሄዶ ነው አልኳት። ሌላ ቀን ጠየቀችኝ፣ መስመር ላይ ነው አልኳት። ደግማ ስትጠይቀኝ አውቶቡሱ ተበላሽቶበት ነው አልኳት። ጋሼ፣ አሁን ውሸቴ አልቋል፤ አውቶቡስህን እኔ ነኝ ያበላሸሁልህ። እሷ አንተን ማየት ትፈልጋለች፣ አንተ ደግሞ ፊቷን ማየት አልቻልክም። ነገሩ ይኸው ነው፤ የምጽፍልህም ለዚሁ ነው።

ለራስህ ምን እያልክ እንደምትውል አጥቼው አይደለም። «በመኪና ባልወስዳት ኖሮ ጩጬው በሕይወት እያለ ትደርስለት ነበር» ነው የምትለው። እስቲ ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። ግማሹን ታውቀዋለህ፤ ግማሹን ግን እኔም ያወቅኩት ባለፈው ሳምንት ነው።

ይሄን የአውሮፕላን ማይል ነገር አንተ መቼም ወደኸው አታውቅም። ከፋብሪካ ፋብሪካ እየዞርኩ ሚዛን ሳስተካክል፣ መሥሪያ ቤቴ በአውሮፕላን በላከኝ ቁጥር አየር መንገዱ በስሜ ማይል ይይዝልኛል፤ ሲጠራቀም በነጻ ትኬት ይለወጣል። አንተ «ሰማይ ላይ የምትለቅሚው ፍርፋሪ» እያልክ ታሾፍብኝ ነበር። ጩጬው ደግሞ «ጄኔራሏ ስንቅ እያከማቸች ነው» ይለኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ከሥራዬ የምወደው እሱን ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ አቧራ ስቅም ውዬ፣ ሆቴል ገብቼ ጫማዬን አውልቄ፣ ማይሌን ስልኬ ላይ አይቼ ነበር የምተኛው። አንድ ቀን ለትልቅ ነገር ይሆነኛል እላለሁ። ምን ዓይነት ትልቅ ነገር እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ጩጬው ታመመ። ባሕር ማዶ ሴራሚክ ሲያነጥፍ ጉልበቱ ከዳው፤ ሲመረመር ነገሩ ጉልበቱ ሳይሆን ደሙ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ሁላችንም እንዴት እንደደነገጥን ታስታውሳለህ። በኋላ ግን ሐኪሞቹ መድኃኒቱ እየያዘለት ነው አሉ። ራሱም ስልክ ላይ ጸጉሩ ተመልጦ፣ «ተመልከቱ፣ ተልጬ ቀረሁ» እያለ ያስቀን ነበር። እማዬ ካላየሁት አለች። እኔም በቃ፣ ማይሌ ለዚህ ነው የተጠራቀመው ብዬ ተነሳሁ።

መቼም በዚህ ነገር ራሴን አላማም፤ የማይል ትኬት መስፋት እችልበታለሁ። አንዱ ደስ የሚለው ጠባዩ፣ በአንድ ትኬት ሁለት ሦስት ከተማ መርገጥ ትችላለህ። መሐል ላይ ትወርዳለህ፣ ቀናት ትቆያለህ፣ ከዚያ ተሳፍረህ ትቀጥላለህ፤ ለመቆየትህ ተጨማሪ ማይል አይጠይቁህም። ለእማዬም እንዲህ አድርጌ ሰፋሁት፦ ከእኔ ተነስታ አንተ ጋ ትወርዳለች፣ አንድ ሳምንት ከአንተ ጋር ትቆያለች፣ ከዚያ በአጭሯ በረራ ወደ ትልቁ ኤርፖርት ሄዳ፣ በረጅሙ ደግሞ ባሕር ተሻግራ ጩጬው ጋ ትደርሳለች። ደውዬ ስነግርህ ምን እንዳልከኝ አልረሳሁትም። ለምን እኔ ጋ ታርፋለች አልከኝ፣ እኔም በነጻ ስለሆነ ነው አልኩህ። አንተም «እንግዲያው እኔ የሻይ እረፍት ነኛ! ተሳፋሪ ወርዶ ሽንቱን ሸንቶ የሚሄድብኝ» አልክ። ሳቅን። ሳቅህ ግን ሳቅ አልነበረም፤ ያን ጊዜም ገብቶኝ ነበር።

አንተ ጋ የሆነውን ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ። ባልደረባህ ታሞ የእሱንም መስመር ደርበህ ትነዳ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ትወጣለህ፤ ስትመለስ ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይወስድሃል። እማዬ ሸሚዞችህን አጥባ፣ የነተበውን ኮሌታ ገልብጣ ሰፍታ፣ ከአከራይህ ጋር የሰው አገር ወሬ ስታወራ ነው ሳምንቱ ያለቀው። ጆሮዋን አውሮፕላኑ ውስጥ እንዳመማት ነግራህ ጥጥ ሸጉጣ ትውል ነበር። የመሄጃዋ ዋዜማ «አሁን ደግሞ ተመልሼ እዚያ ውስጥ ልገባ ነው?» ብላ ፊቷን ስታጨማድድ፣ አንተ ተነስተህ «ለአንዲት ሰዓት በረራ ለምን ትሰቃያለሽ? በየሳምንቱ የምነዳው መንገድ አይደል እንዴ! በመኪና አደርስሽና ረጅሙን እዚያ ትሳፈሪያለሽ» አልካት። ከጋራዡ ባለቤት መኪና ተውሰህ፣ ከወገቧ ኋላ ትራስ አድርገህላት ጉዞ ጀመራችሁ። እኔን አልጠየቅከኝም፤ ለምን ትጠይቀኛለህ? በአንተ ቤት ምንም የተበላሸ ነገር የለም።

ደግሞስ አንተ ምን ታደርግ! በአንተ አውቶቡስ ወንበር የያዘ ሰው መናኸሪያ ካረፈደ ቀጣዩ ከተማ ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል። አንተም ወንበሩን ባዶውን ይዘህለት ትሄዳለህ፤ መተላለፊያው ላይ የቆመ ሰው ቢለምንህም፣ ቢሰድብህም አሳልፈህ አትሰጥም። በዚህ የተመሰገንክ ሹፌር ነህ። አውሮፕላንም ሰው ይመስልሃል። እኛ ግን ያልነገርንህ ነገር፣ የአውሮፕላን ትኬት አንዷን በረራ ከዘለልካት የቀረውን በሙሉ ይሰርዘዋል። ተሳፋሪው ቀረ ይላል፤ አለቀ። ይሄን በየቀኑ የምሰማው ነገር ስለሆነ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስለኝ ነበር።

ስትደውልልኝ የከባድ መኪና መመዘኛ ሥር ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ፣ እጄ ግራሶ በግራሶ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅህን ነው፣ ለእኔ ሳይሆን ለዚያች ለትኬት ክፍሏ ልጅ፦ «እኔ በዕድሜዬ የሰው ወንበር አሳልፌ አላውቅም! ይኸው ይዣት መጣሁ፣ ይኸው ቆማለች፣ ቀረች የምትዪው ማንን ነው?» ልጅቷም እየደጋገመች ሲስተሙ ሰርዞታል ትልሃለች። እኔም ነገሩ ሲገባኝ ክው ብዬ ቀረሁ። ከዚያ የጮህኩብህን ጩኸት አንድ ቀን ፊት ለፊት ተቀምጠን በእጥፍ ትጮህብኛለህ፤ አንገቴን ደፍቼ እሰማሃለሁ። አውሮፕላኑ ያለ እማዬ ሄደ። ብለምንም ብቆጣም፣ ከሦስተኛው ቀን በፊት ወንበር አልተገኘም። እናንተም ከኤርፖርቱ አጠገብ ያለች ማደሪያ ይዛችሁ መጠበቅ ጀመራችሁ።

ጩጬውን ያን ጊዜ ማንም ይሞታል አላለንም ጋሼ። ሐኪሞቹም አላሉም። ትኩሳት ነበረው፣ ትኩሳቱ ሳንባው ላይ ወረደ፣ በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ በቃ። ስልኩ ወደ እኔ ተደወለ፤ እኔ ለአንተ ነገርኩህ፤ አንተ ደግሞ ለእሷ። እማዬ ያኔ በማግስቱ የምትለብሰውን ቀሚስ አልጋው ላይ ዘርግታ እጥፋቱን በእጇ እየዳመጠች እንደነበር አውቃለሁ። አንተ እንዴት ብለህ እንደነገርካት ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኩህም፤ አልጠይቅህምም። አንተም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ራስህን ገዳይ አድርገህ አስቀመጥከው።

እኔ ሬሳውን ላመጣ ስሄድ ያየሁትን ልንገርህ። ለመንገር ስንት ጊዜ ስልክ አነሳሁ መሰለህ፤ አላነሳህልኝም እንጂ። ዎርዱ ውስጥ አንዲት ወፍራም፣ ደግ ነርስ አለች፣ ቋንቋችን ባይገጥምም እየተሰባበርን ተግባባን። እቅፍ አድርጋኝ ካለቀሰች በኋላ፣ ዓይኗን ጠርጋ «ሹፌሩ ወንድሙስ አልመጣም?» አለችኝ። ሹፌር መሆንህን ማን ነገራት? ለካ እማዬ ከማደሪያው ደውላ የቀረችበትን ምክንያት ነግራው ኖሯል። ጩጬው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ አለችኝ። «ጋሼ እኮ አውቶቡስ መስሎት ነው!» እያለ ለእሷም፣ ጎኑ ለተኙት ሽማግሌም፣ ምግብ ለምታመጣዋም ሴትዮ ሲያወራ አመሸ። «ችግር የለም፣ ጋሼ ወንበር አሳልፎ አይሰጥም። ባሕሩንም ቢሆን በአውቶቡስ አሻግሮ ያመጣታል» አላቸው። ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ሆነው ያንኑ ደገሙልኝ፣ በእጃቸው መሪ እያዞሩ። ያን ያህል ሲስቅ ከገባ ጀምሮ አይተውት እንደማያውቁ ነገሩኝ። አንዲት የቂም ቃል ብትኖር አልደብቅህም ነበር፤ ታውቀኛለህ፣ አፌ አያርፍም። አልነበረችም።

እንግዲህ ያላወቅከው ግማሽ ይሄውልህ።

ባለፈው ሳምንት እማዬን ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ተመልሳ አውሮፕላን መሳፈሯ ስለማይቀር (ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ) እንዳያማት ብዬ ነው። ሐኪሙ በመብራት አየ፣ መርፌ ቢወድቅ የሚሰማ ጆሮ ነው አለኝ። ታዲያ ያን ጊዜ ምን ሆኖ ነው ስለው፣ ምንም ሆኖ አያውቅም አለኝ። ወጥተን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። እማዬ የሹራቧን ቁልፍ እያሽከረከረች ቆየችና «ጆሮዬንስ አላመመኝም» አለች።

 እሷም እኔን ሳታይ፣ ግድግዳውን እያየች ነገረችኝ። «ልጄ ቤት ገብቼ ልጄን አላገኘሁትም» አለች። «ሲነጋ የለም፣ ሲመሽ ደክሞታል፤ እህል ሳቀርብለት እጄን ይስማል እንጂ ዓይኔን አያይም። ምን ሆነሃል ብለው ሥራ ነው ይለኛል። ሚስቱ ከሄደች ወዲህ ከሰው ጋር አንድ ገበታ ቀርቦ እንደማያውቅ አከራዩ ነገረችኝ። በአውሮፕላን ሄጄ ቢሆን በር ላይ ስሞኝ ይመለስ ነበር። መንገድ ላይ ግን የት ይሄድብኛል? መሪ ይዞ የት ያመልጠኛል?» አለችኝ። ሳታስበው ትንሽ ፈገግ አለች፣ ወዲያው ደግሞ ፊቷ ጠፋ።

ስለዚህ ጋሼ፣ በመኪና መውሰዱ ያንተ ሐሳብ አልነበረም። ያንተ እንዲመስልህ አድርጋ የሰጠችህ የእሷ ሐሳብ ነው። መንገድ ላይ ምን እንዳወራችሁ አልነገረችኝም፤ «ነገረኝ» ብቻ ነው ያለችው። አንድ ቦታ መኪናውን ዳር አስይዘህ መሪው ላይ ተደፍተህ እንዳለቀስክ፣ እሷም ጀርባህን እንደ ሕፃንነትህ እንዳሻሸችህ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ኤርፖርቱ ድረስ እየሳቅክ፣ እየዘፈንክ፣ የተሳፋሪዎችህን ነገር እያስመሰልክ እንደሄድክ ነገረችኝ። «ልጄን አገኘሁት» አለች።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም። መጀመሪያ ያገኘሁላት ትኬት ባንተ በኩል አያልፍም ነበር። በቀጥታ ነበር፤ ትልቁ ኤርፖርት ላይ ቀይራ በማግስቱ ጩጬው ጋ የሚያደርሳት። ልቧ ቅቤ ይጠጣል ብዬ እየሮጥኩ ስነግራት «ይሄ በትልቁ በኩል አያልፍም?» አለችኝ። አያልፍም አልኳት። «እንግዲያው በእሱ በኩል የሚያልፍ ፈልጊልኝ፤ አለበለዚያ አልሄድም» አለች። እኔ ተበሳጨሁ፣ የታመመው እሱ ነው እኮ አልኳት። ምን ብላ መለሰችልኝ መሰለህ? «የታመመውንስ ሐኪም ያየዋል። ያኛውን ማን ያየዋል?» አለችኝ። ያንን ካወቅህ ያዘነችልህ መስሎህ ትከፋለህ ብላ፣ እንዳልነግርህ አስማለችኝ። በነጻ ስለሆነ ነው ብዬ የዋሸሁህ ለዚህ ነው። አንተም የሻይ እረፍት ነኝ ብለህ ቁጭ አልክ።

ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ይሄን ሁሉ ስሰማ፣ እውነት እልሃለሁ፣ ተናደድኩ። ማን ላይ እንደተናደድኩ አላውቅም። «ታዲያ ጩጬውስ እማዬ?» አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ምላሴን በቆረጠው አልኩ። እሷ ግን አላለቀሰችም። «ጩጬው ሲያመው እማዬ ይላል። ትልቁ ሲያመው ስልክ ይዘጋል» አለች። ከዚያ ተነስታ ወደ በሩ ሄደች፣ እኔም ተከተልኳት።

አሁን ይሄን አንብበህ ጥፋቱን ከራስህ ላይ አንስተህ እሷ ላይ እንዳትጭነው። እኔም አንድ ሁለት ቀን ሞክሬው ነበር፤ አልሆነልኝም። ሐኪሞቹ ይድናል ሲሉ ነው ባንተ በኩል ልለፍ ያለችው፤ ሁለታችሁንም አያለሁ ብላ ነው። አንዱን አየች፣ ሌላውን አጣች። ያየችው አንተን ነው ጋሼ። አንተም ከጠፋህባት፣ ያን ጊዜ መሐል ላይ የወረደችው ለማን ነው?

እማዬ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንተ ጋ ትደርሳለች። ትኬቱን ቆርጬላታለሁ፤ በቀረኝ ማይል ላይ ሰሞኑን የዞርኩበት ተጨምሮ ለደርሶ መልስ ሞላ። አክስታችን ያለችበት ከተማ መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ሁለት ቀን እዚያ አረፍ ብትል ብዬ ጠየቅኳት። «የትም አልወርድም» አለችኝ። የመመለሻዋን ቀን ስጠይቃት ደግሞ «እሱን ተይው» አለች። ጣቴ ስልኩ ላይ እንዳለ ትንሽ ቆየሁና ተውኩት። ትኬቱ ላይ ካንተ ከተማ በኋላ የተጻፈ ነገር የለም።

የግፊት ክኒኗን ጠዋት ነው የምትወስደው፣ አፏ ላይ እህል ካደረገች በኋላ፤ ወስጃለሁ ብትልህ አትመናት፣ ቆመህ ውሃውን ስጣት። በር ተዘግቶባት አትተኛም። ሻንጣዋ ከበፊቱ ይከብዳል፣ የብርድ ልብሶቿን በሙሉ ይዛለች፣ ትራሷንም ጭምር፤ ወገብህን እየጠበቅክ አንሳው። የጩጬውን ስም ጥራላት። እኔ እንዳይከፋት ብዬ ሳልጠራው ስቀር ይብስባታል። ስታለቅስ አታባብላት፣ አጠገቧ ቁጭ በል፣ ይበቃታል። የጋቢናውን ወንበር ስጣት፤ መንገድ ማየት ትወዳለች። በእረፍትህ ቀን አንድ ቦታ ይዘሃት ሂድ፣ የትም ይሁን።

ስለ እኔ አታስቡ። ሥራው በዝቷል፣ አዲስ ፋብሪካ ተከፍቶ ሚዛኖቹን ሁሉ እኛ ነን የምንተክለው። ክፍሏን አጽድቼ አንሶላውን አጥቤ አንጥፌዋለሁ፤ ማን እንደሚተኛበት አላውቅም፣ እንዲያው ባዶውን ማየት ደስ አላለኝም። ጠዋት ጠዋት በር እየመታች የምትቀሰቅሰኝ እሷ ነበረች። አሁን ስልኬ ላይ ደወል ሞልቻለሁ። ጩኸቱ ያስጠላል፣ ግን ይቀሰቅሳል።

ጋሼ፣ በሞትኩልህ፣ ቅዳሜ ማንንም ጫን ቢሉህ እሺ እንዳትል፤ ለስምሪቱ ሰውዬ ዛሬውኑ ንገረው። አውሮፕላኑ ሳያርፍ ቀድመህ ኤርፖርት ድረስ፣ መውጫው በር ላይ ቁም። እማዬን ታውቃታለህ፤ ሰው ወጥቶ ሲያልቅ አንተን ካጣች አትደውልም፣ ሰውም አትጠይቅም፣ ሻንጣዋን ይዛ እዚያው ትቆማለች።

ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ። ፍሬንህ አይክዳህ፣ ጎማህ አይፈንዳብህ፣ የጫንከው ሰው ሁሉ በሰላም ይግባ። የሄደውን ነፍሱን በደግ ቦታ ያኑርልን፣ ያለነውን ደግሞ አንዳችን ለአንዳችን ያቆየን። እማዬን ከእኔ በላይ ተንከባከባት፤ አንድ ቀን መንገድ ካደረሰኝ እኔም እናንተ ጋ አርፋለሁ።

ያንተ ታናሽ፣ የጩጬው ታላቅ፣
እህትህ